ዝናብ መጥረጊያ አይደለም

ላይ ሰፈር ውስጥ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ የሚጠየቀው ሬዲዮ አልነበረም፤ አዛዡ ነበሩ። አዛዡ የተባሉት ወታደር ሆነው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሰማዩ ጠቆር ሲል ደጃፋቸው ላይ ይቆማሉ፣ አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ ያዞራሉ። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን በኃይል ያጨበጭቡና «መጣ! አውጡ!» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።

ትእዛዙ ሲሰማ ሰፈሩ ይንጫጫል። በየጓሮው ሲጠራቀም የሰነበተው ቆሻሻ በጆንያ፣ በባልዲ፣ በፌስታል እየተጎተተ ይወጣና መንገዱን ይዞ በሚወርደው ቦይ ውስጥ ይደፋል። የድንች ልጣጭ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ አመድ፣ የተቀደደ ፍራሽ ሳይቀር። የረሳ ካለ ጎረቤቱ በሩን እየደበደበ «ኧረ ዝናቡ ሳያመልጥህ!» ይለዋል። ወዲያው ዝናቡ ይወርዳል፤ ጎርፉም ያን ሁሉ ጉድ እያንከባለለ ቁልቁል ይዞት ይሄዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላይ ሰፈር እንደተወለወለ ሳህን ያበራል። «ዝናብ የእግዜር መጥረጊያ ነው» ይላሉ አዛዡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መንገዱን እየቃኙ።

መጥረጊያው ጠርጎ የት አደረሰው ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። የማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ መኪና ሽቅቡን ስለማይችለው ከዳገቱ ግርጌ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። እስከዚያ ተሸክሞ መውረድ፣ ከዚያ ደግሞ እያለከለኩ ሽቅብ መመለስ አለ። ታዲያ ሰማይ በነጻ የሚሠራውን ሥራ ሰው ለምን በወገቡ ይሠራል? ስንፍና እንዲህ ብልጠት መስሎ የታየ ቀን መድኃኒት የለውም፤ ሰነፉ ሊያፍርበት በሚገባው ነገር ይኮራበታል።

የአዛዡ ታላቅ ልጅ መምህርት ናት፤ በአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊና ታሪክ ታስተምራለች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከአባቷ ጋር የምትኖረው እሷ ናት። ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ካገባች በኋላ ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ታች ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪናዋ የተማሪ የደንብ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። ባሏ ሩቅ ከተማ ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው። አዛዡ ታናሽ ልጃቸውን ይወዷታል፤ ቤቷ ግን ሄደው አያውቁም። «ቁልቁለቱ ጉልበቴን ያመኛል» ነው ምክንያቱ። እሷ ትውጣ እንጂ እሳቸው አይወርዱም።

ነገሩ የተጫረው ክፍል ውስጥ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች አነሣሥ ነበር። መምህርቷ የወንዝ ስም ተሸምድዶ ፈተና ላይ ሲተፋ ማየት አንገሽግሿታል። ስለዚህ አንድ የቆርቆሮ ቁራጭ ይዛ ገባች፤ ጠረጴዛው ላይ በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ከፍ ባለው በኩል አፈርና የተፈረፈረ ጠመኔ በተነችበት፣ ከላይ በጆግ ውሃ ለቀቀችበት።

«ምን አያችሁ?»

«አፈሩ ወረደ» አሉ ተማሪዎቹ።

«የት ቆመ?»

«ከታች፣ ሜዳው ላይ!»

«በቃ፣ የጂኦግራፊ ሀ ሁ ይኼ ነው» አለች እጇን እያራገፈች። «ውሃ ቁልቁለት ላይ ጉልበት አለው፤ ያገኘውን ይሸከማል። ሜዳ ሲደርስ ይደክመዋል፤ የተሸከመውን ያወርዳል። ጤግሮስና ኤፍራጥስ ከተራራ ያመጡትን ለም አፈር ሜዳው ላይ አራገፉት። ዓባይ ግብፅ ውስጥ፣ ኢንደስም በሸለቆው እንዲሁ። ሰው እዚያ ዘራ፤ ከሚበላው ተረፈው። ሲተርፈው ሁሉም ማረስ አላስፈለገውም፤ አንዱ ሸክላ ሠሪ፣ አንዱ ግንበኛ፣ አንዱ ጸሐፊ ሆነ። ከተማ እንዲህ ነው የተወለደው።»

ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ስለዚህ ቲቸር፣ ወንዝ ያለው ሁሉ ይሠለጥናል ማለት ነው?»

«ወንዝማ አዞም አለው! አዞ ከተማ ሲቆረቁር አይተሃል?» ክፍሉ ሳቀ። «ከተማውን የሠራው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ ስለ ውሃው መስማማታቸው ነው። የመስኖ ቦይ በደለል ይሞላል። ካልተጠረገ ከታች ያለው እርሻ ይደርቃል። ውሃውን የሚያግተው የአፈር መከላከያ ካልተጠበቀ ደግሞ የጎረቤት ማሳ ይሰጥማል። ስለዚህ በጋራ ወጥተው ይጠርጉ ነበር። ባቢሎን ውስጥ እንዲያውም በሕግ ተጽፏል፤ መከላከያውን ችላ ብሎ የሰው ማሳ ያስጠለቀ ሰው የጠፋውን እህል ይተካል። በኢንደስ ሸለቆ ከተሞች የየቤቱ ፍሳሽ የሚሄደው በጡብ ተሠርቶ በተከደነ ቦይ ነበር። ቦዩ ላይ ጉድጓድ ያበጁለታል፤ ዝቃጩ እዚያ ይቀራል፣ ሰው መጥቶ ይዝቀዋል፣ ውሃው ብቻውን ያልፋል። ይኼ ሁሉ እንግዲህ ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው።»

መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች የታች ሰፈር ልጅ እጇን አወጣች። ደብተሯ ባለፈው ጎርፍ ርሶ ስለነበር ሲደርቅ ተጨማዶ አብጧል።

«ቲቸር» አለች፣ «እንግዲያው እኛ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ብንወለድ ይሻለን ነበር ማለት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም። እሷ ራሷ የላይ ሰፈር ልጅ ናት፤ ልጅ ሳለች አባቷ ሲያጨበጭቡ ባልዲ ይዛ ከሁሉ ቀድማ የምትሮጠው እሷ ነበረች። ጎርፉ ሲሄድ እንጂ ሲደርስ አይታው አታውቅም። ፊቷ እስኪግል ድረስ አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ተናደደች።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሰማዩ ከስሎ ነበር። ወደ ቤቷ በመውጣት ፈንታ ወደ እህቷ ወረደች። እህቷ ጨርቅ ከወለል አንሥታ አልጋ ላይ፣ ከአልጋ አንሥታ ጠረጴዛ ላይ ትከምራለች።

«ምነው፣ ገና ሳይዘንብ?» አለች መምህርቷ።

«ጫጫታውን አትሰሚም? አባዬ አጨብጭቧል» አለች ታናሿ፣ ከሥራዋ ሳትቀና።

እውነትም ከማዶ፣ ከዳገቱ ላይ የሰፈሯ ሰዎች ጩኸትና የባልዲ ኳኳታ ይሰማል። ልጅ ሳለች ደስ ይላት የነበረው ያ ድምፅ እዚህ ሆነው ሲሰሙት ሌላ ነው።

ዝናቡ ወረደ። መጀመሪያ ውሃው በቦዩ ውስጥ አለፈ። ቀጥሎ በዋናው መንገድ ሥር የሚያልፈው ቱቦ የላይ ሰፈርን ጆንያ ይተፋ ጀመር። ታች ሰፈር ሜዳ ነው፤ ጠዋት ቆርቆሮ ላይ ያሳየችው ሁሉ እዚያው ዓይኗ ሥር ሆነ። ውሃው ደከመው፣ ሸክሙን አወረደ፣ ቦዩ ታፈነ፣ ውሃውም መውጫ ቢያጣ ወደ ቤቶቹ ዞረ። ደፉን ተሻግሮ ገባ። በእህትማማቾቹ እግር መካከል የድንች ልጣጭና ዳይፐር ይንሳፈፍ ጀመር። በባልዲ ቢቀዱት፣ በመጥበሻ ቢቀዱት አላልቅ አለ። በመጨረሻ የጠረጴዛው እግር ተንሸራተተና ተቆርጦ የተዘጋጀው ሰማያዊ ጨርቅ ከነእጅጌው ከነኮሌታው ጭቃው ውስጥ ተደፋ።

ታናሿ አላለቀሰችም። አንዱን ቁራጭ አንሥታ አየችው፣ ጨመቀችው፣ መልሳ ጣለችው።

«ልጨርሰው ነበርኮ» አለች። «እሺ፣ አሁንም ከዜሮ እጀምራለሁ። ከእንግዲህ አንዴ ከገባ ግን፣ እታለም፣ መኪናዬን ሸጬ ባሌ ወዳለበት እሄዳለሁ። በቃኝ። ሥራዬንም ከዚያ ወዲያ አልሞክረውም።»

«ለአባዬ ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ እንጂ! ‹ከፍ ያለ ቦታ ተከራዪ› አለኝ።»

መምህርቷ ሽቅቡን ስትወጣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። ላይ ሰፈር ያበራል። አባቷ ከባለ ሱቁ ጋር ደጅ ቆመው መንገዱን ያደንቃሉ። ባለ ሱቁ የአዛዡ ቀኝ እጅ ነው፤ አዛዡ ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» ከማለቱ በፊት አብሯቸው ያስነጥሳል።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉ አባቷ ደንግጠው።

«ከመጥረጊያህ ጋር ተገናኝቼ ነው።»

«የምን መጥረጊያ?»

«የእግዜር ያልከው። አባዬ፣ የጣልነው ሁሉ ልጅህ ቤት ነው የገባው። ጨርቋ ተበላሸ። አንዴ ከደገማት ሁሉን ትታ ልትሄድ ነው።»

አዛዡ ፊታቸው ልውጥ አለ። ነገር ግን ባለ ሱቁ አጠገባቸው ቆሟል፤ ሰው ፊት ከተናገሩት መመለስ ደግሞ ለእሳቸው ሞት ነው። «ታች ሰፈር ድሮም ውሃ ይገባዋል» አሉ። «ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ አልፈጠርኩት።»

«ውሃውንስ አልፈጠርከውም። ዳይፐሩም ከሰማይ ነው የወረደው?»

«መምህርት፣ ይኼኮ የቆየ ልማድ ነው» አለ ባለ ሱቁ ጣልቃ ገብቶ። «ሰፈሩ ከተቆረቆረ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አንቺ የምታስተምሪው የሞቱ ከተሞችን ነው፤ የኛ ሰፈር ደግሞ ይኸው በሕይወት አለ።»

«የሞቱበትንም ምክንያት አስተምራለሁ» አለችው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉና አዛዡ ወደ ቤት ገቡ።

አዛዡ ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ። ጎረቤት ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ፣ የሰው ልጅ ተጣልቶ ሲያድር እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ግን በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው ነው፤ ቁስሉ የራሳቸው ልጅ ሆኖ እንኳ ዳገቱ ጋርዷቸው አላዩትም።

እሑድ ጠዋት የሰፈሩ ሰው እንደተለመደው ባለ ሱቁ በረንዳ ላይ ሲሰበሰብ መምህርቷ ተነሥታ ቆመች። ያየችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንዷ ሴትዮ ብቻ ከት ብላ ሳቀችና «ታዲያ ቆሻሻውን ምን እናድርገው፣ እንብላው?» አለች።

«ተሸክመን እንውረድ። መኪናው ይመጣል። ለሽማግሌዎቹና ለታመሙት እኔና ተማሪዎቼ እናወርዳለን።»

«ይኼ ሰፈር በትምህርት ቤት ደወል አይተዳደርም» አሉ አዛዡ። ሰዉ አጨበጨበላቸው።

መምህርቷ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች። «እንግዲያው ስሙኝ» አለች። «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ላይ ሰፈር የጣለውን ራሱ ላይ ሰፈር ያገኘዋል። በስውር አላደርገውም፤ ይኸው ፊት ለፊት ነግሬያችኋለሁ። ቅር የሚለው እኔን ይጠይቅ።»

እንዳለችውም አደረገች። የላይ ሰፈር ቦይ ወደ ቱቦው የሚገባው ከባለ ሱቁ ደጃፍ ዝቅ ብሎ ነው። ለቱቦው አፍ የሚሆን የብረት ፍርግርግ አንድ በያጅ ዘንድ አሠራች። መንገዱን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ሄዳ ስትጠይቅ ሰውዬው «ካጸዳችሁት ምን ከፋኝ» አላት። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉ እያየ፣ ከበያጁ ጋር ሆና ፍርግርጉን በሲሚንቶ አስቸነከረችው።

«ይኼ ነገር ቢታፈን ውሃው ሱቄ ይገባል!» አለ ባለ ሱቁ ወገቡን ይዞ።

«ውሃ ብቻ ከሆነ አይታፈንም። እጅህን አስገብተህ እየው፤ ክንድህ ያልፋል። የሚያፍነው የምትጥሉት ነው። አትጣሉ፣ አይታፈንም።»

«አባትሽ ይህን አይፈቅዱም።»

«አባቴን አልጠየቅሁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዛዡ ልጃቸውን አኮረፉ። ቤት ውስጥ ጨው ሲፈልጉ እንኳ «አቀብዪኝ» ላለማለት ዞረው ሄደው ራሳቸው ያነሣሉ። መምህርቷ ከፍቷት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ልቧ «ተዪው፣ አባት ነው» ይላታል። ግን እህቷ አዲስ ጨርቅ ገዝታ እንደገና መቁረጥ ጀምራለች። ያንን ባሰበች ቁጥር ልቧ ይደነድናል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደመናው መጣ። አዛዡ ደጃፋቸው ላይ ቆሙ፣ አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ፣ ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አዩዋት። ሰፈሩ ሁሉ ከየበሩ አንገቱን አውጥቶ ይጠብቃል። አዛዡ ከወትሮው አስበልጠው አጨበጨቡ።

«መጣ! አውጡ!»

ሰዉ በእልህ አወጣ። ቆሻሻ ያልሆነውን ሁሉ ሳይቀር የጣለ ነበር፤ አንዱማ የተሰበረ ወንበር ጨመረ። መምህርቷ የዝናብ ካፖርቷን ደረበች፣ ቁልቁል ወርዳ ከፍርግርጉ በላይ ባለው ሲሚንቶ ላይ ቆመች።

ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ጎርፉ ጆንያውንና ላስቲኩን አንጋግቶ መጣና ፍርግርጉ ላይ ለጠፈው። በላዩ አንድ አሮጌ ፍራሽ ተጋደመ፣ በፍራሹ ላይ ወንበሩ። ውሃው ጥቂት በጥቂት ቱቦው ውስጥ ማለፉን አልተወም፤ የቀረው ግን ቆመ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ ከቦዩ ወጣ፣ መንገዱን ሞላ። ትንሽ ቆይቶ የባለ ሱቁን ደፍ ተሻገረ። ከሱቁ ጎን ያሉት ቤቶችም በር ላይ ደረሰ። ያቺ እሑድ ዕለት የሳቀችው ሴትዮ አልጋዋን ለማንሣት እየጮኸች ወደ ቤቷ ሮጠች።

ባለ ሱቁ ድጅኖ ይዞ መጣ፤ ከኋላው ወንዶች ተከትለውታል።

«አንሺው መምህርት! ስኳሩ ራሰ፣ ዱቄቱ ራሰ!»

«አላነሣም።»

«ሰው ቤት ውሃ እየገባ?»

«ውሃ ሰው ቤት እንደሚገባ ዛሬ ነው የሰማችሁት?»

«ዞር በይ፣ ልንቀለው!»

«ድጅኖህን ከመስደድህ በፊት እኔን ታነሣለህ።»

ከወንዶቹ ደፍሮ የሚነካት ጠፋ። ተጯጯሁ፣ ተሳደቡ፣ በመጨረሻ አንዱ አዛዡን ሊጠራ ሮጠ። አዛዡ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ውረጂ ከዚያ» አሉ። ካኮረፏት ወዲህ የተናገሯት የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነበር።

«አልወርድም አባዬ።»

«አባትሽ ነኝ ያዘዝኩሽ!»

መምህርቷ ካፖርቷን ሰብስባ እዚያው ቆመች። «ዕድሜ ልኬን ታዝዤሃለሁ። ዛሬ ግን አልታዘዝም። ይኼ ብረት ቢነሣ የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ ባንዴ የሚሄደው ልጅህ ቤት ነው። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ‹ልጄ ቤት ይግባ› በል። አንዴ በል ብቻ፤ እኔው በእጄ አነሣዋለሁ።»

አዛዡ ጃንጥላቸውን ጨብጠው ቁልቁል ወደ ታች ሰፈር ተመለከቱ።

በዚህ መሐል ታናሿ ከማዶ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣች። «ዛሬ ውሃው ምነው ቀረ ብዬ ነው» ስትል የተከማቸውን አየች። ሱቁን አየች፣ አባቷን አየች፣ ነገሩ ገባት። ውሃው ውስጥ ገባች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ከፍርግርጉ ላይ ቆሻሻውን በእጇ ትነቅል ጀመር።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለ ባለ ሱቁ ግራ ገብቶት።

«ሱቅህ እንዳይጠፋ ነዋ። የናንተን ቆሻሻ ማንሣት እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

መምህርቷ ከሲሚንቶው ላይ ዘላ ወረደችና የእህቷን እጅ ግጥም አድርጋ ያዘች። «ተዪው!»

«እታለም፣ ሰው ቤት እየገባ ነውኮ።»

«ተዪው አልኩሽ። ዛሬ የምታነሺው አንቺ አይደለሽም። እነሱም እጅ አላቸው።»

አዛዡ የታናሽ ልጃቸውን እጅ ያያሉ። በመርፌ የተወጋጋ፣ ጣቶቹ በጨርቅ ቀለም የጠቆሩ እጅ ነው፤ አሁን ደግሞ የሰፈራቸው ዝቃጭ ከጥፍሯ ሥር ገብቷል። ጃንጥላቸውን አጠፉ። አጠገባቸው ለቆመው ሰው ሰጡት። ከዚያ ከነሱሪያቸው ከነጫማቸው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ውሃው ያን የሚያማቸውን ጉልበት አልፎ እስከ ጭናቸው ደረሰ። ጎንበስ ብለው አንድ ጆንያ ጎተቱ። አፉ የታሰረበትን ቋጠሮ ሲያዩ እጃቸው ቆመ። ቋጠሮው የራሳቸው ነበር።

«የኔ ነው» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ጆንያውን ወደ ደረቁ ወረወሩትና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ምን ትገተራላችሁ? የየራሳችሁን አውጡ! ውረዱ!»

ወረዱ። ባለ ሱቁም ድጅኖውን ጥሎ ወረደ። ፍራሹ ሲነሣ ውሃው አጓርቶ ቱቦው ውስጥ ገባ፤ ንጹሕ ባይሆንም ባዶውን ገባ። መንገዱ ላይ የቀረው የሰፈሩ ቆሻሻ ወደ ላይም ወደ ታችም የማይሄድ ክምር ሆኖ ሁሉም ሲያየው ቆመ።

ዝናቡ ሲያባራ አዛዡ ታናሽ ልጃቸውን «ቤትሽን አሳዪኝ» አሏት። መምህርቷ ከኋላ ተከተለቻቸው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እያነከሱ ነበር፤ ግን አልቆሙም። ክፍሏ ወለሉ ደርቋል፤ ሰማያዊው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ እንደተከመረ ነው። አዛዡ ዙሪያውን አዩና ግድግዳው ላይ ዓይናቸው ተተከለ። ከአልጋው ከፍ ብሎ ከዳር እስከ ዳር የሄደ ቡናማ መስመር አለ፤ ከበላዩ ሌላ፣ ከዚያም በላይ ሌላ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ እጃቸውን እያስጠጉ።

«ውሃው የደረሰበት ነው።»

«እስከዚህ?»

«እስከዚያ አባዬ። አንተ ስታጨበጭብ እስከዚያ ነው የሚደርሰው።»

አዛዡ መዳፋቸውን ከሁሉ በላይ ባለው መስመር ላይ አደረጉት። ከደረታቸው ትይዩ ነበር። ረጅም ጊዜ እጃቸውን አላነሡም። ሲያነሡት ዓይናቸው ቀልቷል። «ነግረሽኝ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ።» ታናሿ ወንበር አቀረበችላቸው፤ የልጃቸው ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

ሲመለሱ ባለ ሱቁ ፍርግርጉ አጠገብ ድጅኖውን እንደያዘ ይጠብቃቸዋል።

«አዛዡ፣ አሁን ዝናቡ ቆሟል። ብረቱን እንንቀለው?»

አዛዡ ሄደው ሲሚንቶው ላይ፣ ልጃቸው በቆመችበት ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። ጭቃ የሞላውን ጫማቸውን አውልቀው አራገፉ።

«እስቲ ሞክረው» አሉት። «እኔም እንደ ልጄ አልነሣም። ይህን ብረት የሚነካ ሰው መጀመሪያ ታች ወርዶ የልጄን ግድግዳ አይቶ ይምጣ። አይቶ ሲመለስ ንቀለው ካለ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ባለ ሱቁ ወደ መምህርቷ ዞሮ አያት፤ እሷም አየችው። ድጅኖውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሱቁ ገባ።

ፍርግርጉ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ላይ ሰፈር በአንድ ቀን መልአክ አልሆነም። አሁንም ደመና ሲያይ እጁን የሚበላው፣ ተደብቆ ፌስታል የሚወረውር አለ። ልዩነቱ፣ የወረወረው ፌስታል ፍርግርጉ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል፤ ሰፈርተኛውም ስሙን ጠርቶ አውርደው ይለዋል። የቆሻሻ መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ በዳገቱ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው ይታያል። እያነከሱ ቀድመው የሚወርዱት ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም። ልብስ ሰፊዋም አልሄደችም።

ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ «እኛ ሰፈር ዳገት የለም» አትበሉ። እያንዳንዳችን ከአንድ ሰው በላይ፣ ከሌላው በታች ነን። ውሃ ቁልቁል መውረዱ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ከእጃችን የወጣው ቆሻሻ ሌላ ሰው አልጋ ሥር መግባቱ ግን የእኛ ሥራ ነው። ይህን ልማድ ነው፣ የአባቶች ነው፣ ድሮም እንዲህ ነበር የሚላችሁ ቢመጣ፣ አባት እንኳ ቢሆን፣ አክብራችሁ እምቢ በሉት። የጥንቶቹ ከተሞች ዛሬ የሚደነቁት በግንባቸውና በቤተ መንግሥታቸው ነው፤ በዘመናቸው ያቆማቸው ግን በማለዳ ተነሥቶ ቦዩን የሚጠርግ ሰው ነበር። እኛም ቦይ አለን። ክረምቱ ሳይገባ እንውረድ፤ አካፋ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።